የቅሉ ቀልድ እና ደወለ ሐቅ

ንግሥት አውራሲን የወርቅ እጀታ ያለውን ሰይፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ከዙፋናቸው ሲወርዱ፣ ሰልማይ ወደ እርሷ የመጡ መስሏት ተንበረከከች።

«ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ወደ ጎን በይልኝ» አሏት በቀስታ።

ሰይፉ ከኋላዋ ለቆመችው ለሚርዳ ነበር። ከአዳራሹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሰልማይ ተነሣች፤ ፊቷ እንደ ፍም ጋለ።

ሚርዳ አብሮ አደጓ ናት። ወገኗ ከጉም ተራሮች ወርደው በዘልማን መንግሥት ከሰፈሩት ከጉማውያን ነው። ጉማውያን ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያ ትንፋሹን በቅል ይቀበላሉ፤ ቅሉንም በሰም ደፍነው በደጃቸው ይሰቅላሉ። ሰልማይ በልጅነቷ በሚርዳ ቅል ሥር ስንቴ እንቅልፍ ወስዷታል።

ሚርዳ ሰይፉን የተቀበለችው ደወለ ሐቅን ልታስመልስ ነው። በዘልማን ማንም ቀልደኛ በማንም ላይ፣ በንግሥቲቱም ላይ ሳይቀር፣ መቀለድ ይችላል፤ በአደባባዩ ደወል ሥር ቆሞ እስከተናገረ ድረስ። ለጨዋታ ከሆነ ደወሉ ዝም ይላል። ተናጋሪው በቀልድ ጀርባ ክፋት ከደበቀ ግን ማንም ሳይነካው ይጮኻል፤ ያስጮኸውም ሰው ዋና ከተማዋን ሰናፍርን ለቆ እስከ ዕለተ ሞቱ አይመለስባትም። ያ ደወል በማን እንደሆነ ሳይታወቅ ተሰርቆ ሳቂታው ዘንዶ ከሚተኛበት ዋሻ ተጥሏል። ዘንዶው የሚነቃው የሰው ሳቅ ሲሰማ ብቻ ነው።

«ደወሉን ሳልይዝ ብመለስ ይህ ሰይፍ ይብላኝ!» ብላ ሚርዳ ማለች።

ሰልማይ ጦር ይዛ ተከተለቻት። ሦስተኛው ተጓዥ የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ጎርዛል ነበር፤ «መንገድ ያለ ሳቅ አይገፋም» ብሎ ራሱን የጋበዘ።

«የጉም ሰው ሲሻገር ድልድዩ ለምን ይንቀጠቀጣል?» ይላል ጎርዛል በቅሎው ላይ ሆኖ።

«አንተው ንገረን» ትላለች ሰልማይ።

«ወንዙ ከሥር ‹ጣልልኝ፣ ጣልልኝ› እያለ ስለሚለምነው!»

ሚርዳ አንገቷን ደፍታ መንገዷን ቀጠለች።

«ምነው ባለሰይፏ፣ ቀልድም አይገባሽ?»

ሰልማይ ሳቀች። ቀልዱ ያን ያህል አላሳቃትም፤ ሚርዳ ስትሸማቀቅ ማየት ግን አንጀቷን አራሰው።

አንድ ቀን ሚርዳ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ጎርዛል ወደ ሰልማይ ዞረ። «አንቺ ከእነሱ ጋር አድገሻል፤ እስቲ አንድ ጣል አድርጊ።»

ሰልማይ ቁልቁል አየች። ሰይፉ በሚርዳ ወገብ ላይ ፀሐይ መትቶት ያበራል።

«በየቅላቸው ውስጥ ያለው የማን ትንፋሽ ይመስልሃል? ልጆቻችን በአጭር የሚቀጩት በምን ሆነና!»

ጎርዛል ሆዱን ይዞ ተንከባለለ። ሰልማይ በሕይወቷ ማንንም እንዲህ አስቃ አታውቅም። ጣፈጣት።

ከዚያ ወዲህ ጎርዛል ቀልዱን ባገኘው ገበያ ሁሉ ዘራው፤ ቀልዱም በነጋዴ አፍ እየተሳፈረ ቀድሟቸው ይሄድ ጀመር። ኤርጋም መንደር ሲደርሱ የጉማውያን ደጃፍ በቅል ስብርባሪ ተሞልቷል። አንዲት እናት ስብርባሪውን በቀሚሷ ትለቅማለች።

«ኧረ ስንቀልድ ነው!» አለ ዱላ የያዘ ጎረምሳ። «የልጆቻችንን ትንፋሽ እያስመለስን ነው፤ ምን ያስቆጣል?»

ሰልማይ የገዛ ቃሏን ከሰው አፍ ሰማች። ሚርዳ ተንበርክካ ከሴትዮዋ ጋር መልቀም ጀመረች፤ ማን እንደጀመረው አልጠየቀችም። ሰልማይ ልትናገር አሰበች፤ ግን ፊቷን አዞረች።

ከዋሻው ደረሱ። ሚርዳ ብቻዋን ገባች። ጎርዛል ወደ ሰልማይ ጆሮ ጠጋ አለ።

«እስቲ ያቺን የቅሏን ቀልድ አስታውሻትና ሳቅ በይ። ይህች ካልወጣች ሰይፉ የማን ይመስልሻል?»

ለአንዲት አፍታ ሰልማይ ሰይፉን በገዛ እጇ ላይ አየችው። ከዚያ ከንፈሯን እስኪደማ ነከሰች።

ጎርዛል ትከሻውን ነቅንቆ ራሱ ሳቀ። ተራራው እስኪያስተጋባ ሳቀና በቅሎውን ጋልቦ ሸሸ።

ዘንዶው ነቃ። ደስታ የሌለበት ሳቁ ድንጋዩን አንቀጠቀጠው። ሰልማይ ሮጣ ገባች፤ ለሳቅ በተከፈተው ጉሮሮው ውስጥ ጦሯን እስከ እጀታው ሰደደችው። ሚርዳ ደወሉን አቅፋ ከጥጉ ወጣች።

«ማን ነው የሳቀው?»

«ጎርዛል ነው።»

«እኔ አንቺ መስለሽኝ ነበር።»

«ልስቅ ነበር» አለች ሰልማይ። «የቅሉን ቀልድም ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ሚርዳ ደወሉን መሬት ላይ አሳረፈች። «ያዥልኝ በዚያ በኩል» አለች። ደወሉን ሁለት ሆነው ተሸከሙት።

በዋና ከተማዋ በሰናፍር አደባባይ ጎርዛል ሕዝብ ሰብስቦ ሳለ ደረሱ። «ደወሉን የሰረቁት ጉማውያን ናቸው! ይኸው፣ ተሸክመውት መጡ!» ሕዝቡ ይስቃል፤ በየእጁ ግን ድንጋይ ይዟል። ደወሉ በቦታው ሲሰቀል ጎርዛል ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«ጨዋታ ነው እኮ፣ ወገኖቼ! ደግሞ የቅሉ ቀልድ የእኔ አይደለም፤ የእሷ ነው!»

ሰልማይ ወደ ደወሉ ሄደች። ሚርዳ እጅጌዋን ያዘቻት።

«አትናገሪው። ሕጉን ታውቂያለሽ።»

«ካልጮኸ አያምኑም፣ እቴ።»

ከደወሉ ሥር ቆማ ቀልዱን ያኔ በተናገረችበት ድምፅ ተናገረችው። ደወለ ሐቅ ጮኸ። በአደባባዩ ያን ቀልድ በማዕዱ ላይ ያልደገመ አልነበረምና ሁሉም ዐይኑን ሰበረ።

«የዘልማን ሰዎች ሆይ!» አለች። «ይህን ስናገር እናንተን ላስቅ አልነበረም። ቀንቼ ነው። ሚርዳ እንድታንስልኝ ፈልጌ ነው። እናንተስ ድንጋይ ይዛችሁ የምትስቁት ምን ፈልጋችሁ ነው? አሁን ጎርዛል ይምጣና በተራው ይቀልድ!»

ገፍተው አቀረቡት። ላብ አጠመቀው።

«ኧረ እኔ ስቀልድ ነው» አለ።

ደወሉ የማማው አቧራ እስኪረግፍ ጮኸ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ወደቁ።

ንግሥቲቱ በሁለቱም ላይ እኩል ፈረዱ። ጎርዛል በምዕራብ በር ወጣ። ሚርዳ ሰልማይን እስከ ምሥራቁ በር ሸኘቻት። ሰይፉ በወገቧ ነበር፤ ሰልማይ አየችውና አሁንም ቀናች። ተቃቀፉ።

ሰልማይ ከከተማዋ ወጣች። ጉማውያን በሰናፍር ቀሩ።