ከማግለያው ማን አወጣት?

ዕድሜ ልካቸውን ያረሱ በሬዎች፣ የነጠፉ ላሞች፣ ጀርባቸው የተገጠበ አህዮች፣ እንቁላል መጣል ያቆሙ ዶሮዎች፤ ሰው ከተጠቀመባቸው በኋላ «ከእንግዲህ ምን ይሠራሉ?» ያላቸው ሁሉ በዚያ ግቢ ይጦሩ ነበር። ግቢውን ያቋቋመችው በቃሏ የጸናች፣ በፍርዷ አታዳላም የተባለላት አንዲት መበለት ናት። የሟች ወንድሟን ልጅ ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገችውም እርሷ ስትሆን፣ ልጅቱ ከአክስቷ ሌላ ዘመድ፣ ከግቢው ሌላ ቤት አልነበራትም።

ግቢው አንድ የማይሻር ሕግ ነበረው። አዲስ የመጣ ከብት ከሌሎቹ ርቆ፣ በስተዳር ባለው ማግለያ በረት ስልሳ ቀን ይቆያል። ባልዲው ለብቻ፣ መንሹ ለብቻ፤ የገባም ሰው ሲወጣ ጫማውን መድኃኒት በተበጠበጠበት ገንዳ ይነክራል።

«የሚታመም አንድ፣ የሚቀበር ሁሉ» ትል ነበር አክስት። «ያን በር ያለ ቀኑ የከፈተ፣ የሥጋ ዘመዴም ቢሆን፣ ከዚህ ግቢ ይወጣል።»

ቁልፉን የምትይዘው ልጅቱ ነበረች።

አንድ ቀን በቀትር፣ ከብት የጫነ መኪና በሩ ላይ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ፣ የፊት እግሯን መርገጥ ያቃታትን አሮጊት ላም ለልጅቱ አሳያት።

«ቄራ ብትደርስም ጎትተው ነው የሚያወርዷት» አለ። «እዚህ በሰላም ትሙት ብዬ ነው።»

«እኛ ዘንድ ለመሞት አይመጣም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው የሚመጣው?»

«ለመብላት» አለችው።

ሳቀ። እርሷም ሳቋን ልትደብቅ ፊቷን ወደ ላሟ አዞረች።

በሁለተኛው ጉብኝቱ ባልንጀሮቹ «ሙሽራ ጫኝ» እንደሚሉት ነገራት። «ምን ላድርግ? ኩርባ ላይ እርስ በርስ ይወዳደቃሉ። ቀስ ብዬ ስነዳ ‹ሙሽራዋ እንዳትንገላታ ነው?› ይሉኛል።»

«ሙሽሮችህን ወዴት እንደምታደርሳቸው ግን አይጠይቁህም።»

ሳቁ ከንፈሩ ላይ ደረቀ። መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። ወር ሳይሞላ ከብት መጫን ትቶ፣ ከድንጋይ ማውጫው ድንጋይ ማመላለስ ጀመረ። «ድንጋይ ዞሮ አያይህም» አለ፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠም።

ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኑን ሁሉ በግቢው ያሳልፍ ነበር። እበት ይጠርጋል፣ ድርቆሽ ይከምራል፣ የበሬ ሰኮና ሲሞረድ እግር ይይዛል። አንድ ጊዜ የአህያዪቱን ቁስል ስታጥብ፣ እንስሳዪቱን ደግፎ የያዘው እጁና የልጅቱ እጅ በአህያዪቱ አንገት ላይ ተገናኙ። አንዳቸውም እጃቸውን አላነሡም። አህያዪቱም፣ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ፣ ታግሣ ቆመች።

በመከሩ መጨረሻ አንዲት ቀይ ጊደር እየሳበ መጣ። ከቄራው በር ላይ ከቀድሞ ባልንጀሮቹ ለምኖ ያስቀራት ናት።

«ለልጅዎ ነው ያመጣኋት» አላት አክስትን፣ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ። «ከጊደሯም ጋር… እትዬ፣ አንድ የምለምንዎ ነገር ነበረኝ።»

አክስት ጊደሯን አየች፤ እርሱን አየች።

«ጊደሯ ስልሳ ቀኗን ትቁጠር። የእናንተንም ነገር ያን ጊዜ እንነጋገራለን። ሰውም ከብትም ቆይቶ ነው የሚታወቅ።»

«ባልዲዬም ለብቻ ነው?» አለ ሙሽራ ጫኝ ቀስ ብሎ።

«ጫማህንም ንከር» አለችው አክስት፤ እንዲያም ስትል ፈገግ ያለች መሰለች።

ጊደሯ ግን ብቸኝነቱን አልቻለችም። ቀን ከሌት ወደ ከብቶቹ እያየች ታለቅሳለች እንጂ ድርቆሹን አትነካውም። በዘጠነኛው ቀን ጉልበቷ ከዳት። አክስት መኖ ልትገዛ ለሦስት ቀን ወደ ከተማ ሄዳ ነበር። ልጅቱ ማግለያው ደጃፍ ላይ ተንበርክካ፣ በእጇ ብታጎርሳት እምቢ አለቻት። ፍቅር ያስፈራል፤ የፈራም ሰው በሁሉ ነገር ምልክት ያያል። «እርሱ የሰጠኝ ከሞተች የእኛም ነገር አይሆንም» አለች በልቧ። ይህን ብላ በሩን ከፈተች።

ጊደሯን ወስዳ ከዳኛው ጎን አሰረቻት። ዳኛው ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ በሬ ነው፤ ባለቤቱ አሥራ አራት ዓመት አርሶበት ገደል አፋፍ ላይ ትቶት የሄደ። ዳኛው ጊደሯን አሸተተ፤ አንገቷን ላሰ። እርሷም ከእርሱ ግርግም መብላት ጀመረች። አክስት በምትመለስበት ዕለት ልጅቱ ጊደሯን ወደ ማግለያው መለሰቻት።

ለሙሽራ ጫኝ ብቻ ነገረችው።

«ከርሃብ አወጣሻት እንጂ ምን አደረግሽ?» አላት። «እንዲህ ያለው ጥፋት በሰማይ አይጻፍም።»

በሰማይ መጻፉን የሚያውቅ እርሱ አንድዬ ነው። በምድር ግን፣ በሰባተኛው ሳምንት ዳኛው አሳለ።

የእንስሳት ሐኪሙ ሁለት ቀን እየተመላለሰ መረመረ። በሦስተኛው ቀን ጓንቱን አውልቆ፣ ማንንም ሳያይ ተናገረ።

«የከብት ሳምባ በሽታ ነው። ጊደሯ ደኅና ትመስላለች እንጂ ይዛዋለች። ጎን ለጎን ካልተነፈሱ እንዲህ አይተላለፍም። አህዮቹንና ዶሮዎቹን አይነካም። ከብቶቹ ግን…»

«ስንቶቹ?» አለች አክስት።

«ሁሉም፣ እናቴ። ሕጉ ሁሉም ይገደሉ ይላል።»

አሥራ አንድ ነበሩ። አክስት ከዳኛው ምሰሶ ላይ አንድ ቁራጭ ገመድ ፈታ አመጣች። ቀይ ጠጉር ተጣብቆበት ነበር።

«ከማግለያው ማን አወጣት?»

ልጅቱ ባልዲ ይዛ ቆማ ነበር። አፏን ብትከፍት ሃያ ዓመት የኖረችበት ቤት፣ እናት የሆነቻት ሴት፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይሄዳሉ። ሙሽራ ጫኝ አያት፤ ከዚያም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ራመደ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። ቁልፉን ከተሰቀለበት ወስጄ ነው።»

ይህን ተናግሮ ዳግመኛ ወደ ልጅቱ ዞረ። ልጅቱ የባልዲውን ውኃ አየች።

«ውጣ» አለች አክስት።

ወጣ።

በማግስቱ የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤት ሰዎች በዱላና በገመድ መጡ። ከብቶቹ ደነበሩ፤ አንዲቱ ላም አጥር ሰብራ ጡቷን ቀደደች። ያን ጊዜ ከአጥሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ።

«በእኔ መኪና ይሂዱ። በዱላ አትጫኗቸው።»

ሙሽራ ጫኝ ነበር። ዳግመኛ ከብት አልጭንም ብሎ የማለ ሰው የመኪናውን ጀርባ ከፍቶ፣ ሳንቃውን አጋድሞ፣ ሳንቃው ላይ እንዳያንሸራትታቸው ጭድ ጎዘጎዘ። ሐኪሙ ፈቀደ። አክስት ወደ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች።

ከብቶቹ የሚከተሉት የልጅቱን ድምፅ ብቻ ነበርና፣ እርሷ በየስማቸው ጠራቻቸው። ስታጠጣቸው፣ ቁስላቸውን ስታጥብ፣ ጨው ስታልሳቸው በሰሙት ድምፅ ስለ ጠራቻቸው፣ እየተጣደፉ መጡ። አሮጊቷ ላም እያነከሰች ወጣች። ጊደሯ ወጣች። አንድ በወጣ ቁጥር ሙሽራ ጫኝ ገመዱን ያስርና ልጅቱን ያያታል። አንድ በወጣ ቁጥር እርሷ የሚቀጥለውን ስም ትጠራለች። ዳኛው መጨረሻ ላይ መጣ፤ ግንባሩን እንደ ልማዱ ብብቷ ሥር ሸጉጦ፣ መንገዱን በእርሷ እርምጃ እየለካ ሳንቃውን ወጣ።

«ሌላ የምትዪኝ የለም?» አላት ሙሽራ ጫኝ በሩን ከዘጋ በኋላ።

«ቀስ ብለህ ንዳ።»

«እርሱን ነው የጠየቅኩሽ?»

ሞተሩን አስነሣ።

«ነገ እነግራታለሁ» ብላ ነበር በልቧ። ነገ የሚሉት ቀጠሮ ግን ለከዳተኛ ልብ የተዘጋጀ ፍራሽ ነው፤ በላዩ በተኛ ቁጥር ይለሰልሳል። እንዲህ እያለ አንድ ዓመት አለፈ። አንድ ጠዋት የአህዮቹን በረት አብረው ሲጠርጉ፣ ምንም ሳይነሣ፣ ቃሉ ከአፏ ወደቀ።

«እቴቴ፣ እኔ ነኝ ያወጣኋት።»

አክስት መጥረጓን አላቆመችም።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«የገመዱን ቋጠሮ አይቼ። ሁለት ጊዜ ዞሮ በአውራ ጣት የሚያልፈውን አስተሳሰር ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁ? እርሱ እንደ ሾፌር ነበር የሚያስረው።»

«እያወቅሽ አባረርሽው?»

«እርሱ ‹እኔ ነኝ› ሲል አመነታሁ። ደግሞ አንቺን አየሁ። እርሱ ቢሄድ አንድ ሰው ይሄዳል፤ ሕጌ ቢጸና ግን ልጄ ትሄዳለች አልኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ሰው ነኝ።»

ልጅቱ ከዚያው ተነሥታ ወደ ድንጋይ ማውጫው ሄደች። ሙሽራ ጫኝ የመኪናውን ጎማ ሲፈታ አገኘችው። ጠጉሩ ከአቧራ ይሁን ከሌላ ነገር ነጥቷል። እጁን በጨርቅ ጠርጎ ድንጋይ ላይ አስቀመጣት፤ ውኃም አጠጣት። ነገረችው። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ያኔውኑ፣ ከብቶቹን አውርጄ ስመለስ ነው ይቅር ያልኩሽ።»

«እንግዲያ ና። እንሂድ።»

«አይሆንም።»

«ይቅር ብዬሻለሁ አላልክም?»

«ብያለሁ። ግን ስሚኝ፤ ‹እኔ ነኝ› ያልኩት ልጠፋልሽ አይደለም። ‹አይደለም፣ እኔ ነኝ› ትያለሽ ብዬ ነው። አብረን እንወጣለን ብዬ ነበር። የት እንደምንተኛ ሁሉ አስቤ ነበር። ሳትዪ ስትቀሪ፣ በማግስቱ ትያለሽ ብዬ መኪናዬን ይዤ መጣሁ። አሥራ አንድ ጊዜ አየሁሽ። ፊትሽ አልተለወጠም። አሁን ስታለቅሺ እያየሁሽ እንኳ የማየው ያንን ፊት ነው። ከእርሱ ጋር ቤት ልሥራ?»

እርሱም ጨከን ብሎ ጎማውን ሊፈታ ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ግን ቀና አለ።

«እትዬን ሰላም በይልኝ። እርሳቸው ላይ ቅሬታ የለኝም። የሰሙትን ነው የፈረዱት። በዚህ ምድር አንድ እውነተኛ ሰው አይቻለሁ ብዬ የምጽናናው በእርሳቸው ነው።»

ልጅቱ አፏን ከፈተች፤ መልሳም ዘጋችው።

ወደ ግቢው ስትመለስ አክስት በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር።

«ምን አለሽ?»

«ይቅር ብሎኛል። አይመጣም።»

«እኔንስ?»

«ሰላም ብሎሻል።»

«ማወቄን ስትነግሪው ምን አለ?»

«አልነገርኩትም።»

«ለምን?»

ልጅቱ እርሱ ስለ አክስቷ የተናገረውን ሁሉ፣ ቃል በቃል፣ ሳትቀንስ ነገረቻት።

«ነገ እኔ ራሴ ሄጄ እነግረዋለሁ» አለች አክስት።

በማግስቱ አልሄደችም። በሳምንቱም አልሄደችም።