የጾሙ ጭልፋ

መጋቢት 12 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ላይ፣ በአርባ ምንጭ ሲቀላ በወይዘሮ ልክነሽ ቤት አምስት ሰዎች ነበሩ። በወር ሂሳብ የኮንትራት ተመጋቢዎችን የሚያበሉት ወይዘሮ ልክነሽ፣ ወጥ ቤት የምታግዛቸው ታናሽ እህታቸው ሻሺቱ፣ የጭነት መኪና ሾፌሩ ካሱ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ማቴዎስ፣ እንዲሁም በላንቴ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሆነው ኦይታ። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ኦይታ ሞቶ ነበር።

የፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ብርሃነመስቀል ሲደርስ ሬሳው አልጋ ላይ ተጋድሟል። ነጠላውን ገልጦ አየ። ከንፈሩ አብጧል። የዓይኖቹ ቆቦች ተነፍተው ዓይኖቹን ውጠዋቸዋል። አንገቱ ላይ በጥፍሩ ያከከበት ሰንበር ይታያል። ወይዘሮ ልክነሽ ከግርጌው ተቀምጠው፣ ተሸፍኖ የነበረውን እግሩን መልሰው መላልሰው ይሸፍናሉ።

የቀበሌው ጥበቃ የማቴዎስን እጅ በገመድ አስሮታል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የፖሊስ መኪና ከላይኛው ከተማ ከሴቻ ይወርዳል፤ ተጠርጣሪውን ይዞ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ታስሮ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም ነበር።

«ለምን አሰራችሁት?» ሲል ብርሃነመስቀል ጠየቀ።

ካሱ ማቴዎስን በአገጩ አመለከተ። «ከምሳ በፊት አቧራ ገባብኝ ሲለው ዓይኑ ውስጥ ጠብታ ያደረገለት እሱ ነው። መጀመሪያ የቀላውም ዓይኑ ነው። እኔ የመኪና ሰው ነኝ፣ ጓድ ሃምሳ አለቃ። ጭስ በወጣበት በኩል ነው የሚፈተሸው።»

ማቴዎስ አልተከራከረም። «በእጄ ላይ ነው የሞተው» አለ።

«ጠብታውን ዛሬ ለሌላ ሰው ሰጥተሃል?»

«ጠዋት ለሦስት ሕፃናት። ከዚሁ ጠርሙስ።»

«ምን ሆኑ?»

«ደህና ናቸው። አንደኛው የካሱ ልጅ ነው።»

ካሱ መሬት መሬት አየ።

ብርሃነመስቀል የኦይታን የሕክምና ካርድ አስመጥቶ አነበበ። ዓይኑን እያሳከከው የታከመባቸው ቀኖች በቀጭን ጽሑፍ ሰፍረዋል። ነሐሴ 4፤ ኅዳር 20፤ ታኅሣሥ 8፤ የካቲት 26።

«ከዓባያ ሐይቅ የሚመጣው ነፋስና አቧራ ነው ብዬ ቅባት እሰጠው ነበር» አለ ማቴዎስ።

«ነፋሱ በጥቅምትስ የለም? በጥር ወርስ?»

ብርሃነመስቀል የሚጾም ሰው ስለሆነ እነዚያን ቀኖች ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ አላስፈለገውም።

«ሌላ ምን ነግሮህ ነበር?»

«ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ‹ዓይኔን የሚያሳክከኝ ሽሮው ላይ ያለው ለውዝ ነው› አለኝ። ‹በአፍህ የገባ በዓይንህ ሊወጣ ነው?› ብዬ ሳቅሁበት።» የታሰሩ እጆቹን ወደ ፊቱ አነሣ። «ካሱም ሳቀ። እኔ ግን የተማርኩ ነኝ።»

ብርሃነመስቀል ወደ ወጥ ቤቱ ገባ። ሻሺቱ ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብላለች።

«ሽሮ ላይ ለውዝ ትጨምራላችሁ?»

«ዘይት ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ወዲህ በረጅም ጾም ጊዜ ሽሮውን በተወቀጠ ለውዝ ነው የምናጣፍጠው። ለውዙን ከላንቴ ያመጣልን ራሱ ኦይታ ነው።»

«ዛሬ እሱ ምን በላ?»

«እንቁላል በቅቤ። እሱም ማቴዎስም እኔም ጴንጤዎች ነን፤ አንጾምም። ለውዙን ተዪልኝ ካለኝ ወዲህ በትንሿ ድስት ለብቻው እሠራለታለሁ።»

«እህትሽስ ምን አሉ?»

«እትዬ? በሁዳዴ ቤቴ ቅቤ ሸተተ እያለች ስትቆጣ ከረመች። ‹የጾም ምግብ ንቆ ነው እንጂ ለውዝ ማንን ገደለ?› ትላለች።»

«ዛሬ ድስቱን ትተሽ ወጥተሽ ነበር?»

«ውሃ ልቀዳ ቦኖ ሄጄ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉም እዚሁ ነበሩ።»

«ከሳህኑ የተረፈውስ?»

«ውሻው በላው።»

ውሻው በር ላይ ጅራቱን ይቆላል። ብርሃነመስቀል ትንሿን ድስት አንሥቶ አሸተተ። ከቅቤው ሽታ በታች የለውዝ ሽታ አለ። ቀና ሲል ግድግዳውን አየ። በቀኝ በኩል የጾም ዕቃ፣ በግራ በኩል የፍስክ ዕቃ ተሰቅሏል። በቀኝ በኩል አንድ ምስማር ባዶ ነው። በግራ በኩል ግን በአንድ ምስማር ላይ ሁለት ጭልፋ ተሰቅሏል፤ የአንደኛው እጀታ በሰማያዊ ክር ታስሯል። የሽሮውን ድስት ከፈተ። ውስጡ ጭልፋ የለም፤ ጣሳ ነው ያለው።

«የሰማያዊው ክር ትርጉም ምንድን ነው?»

«የጾም ነው ለማለት እትዬ ያሰረችው ነው።»

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ አራቱንም ምግብ በሚበላበት ክፍል አስቀመጣቸው። የኦይታ ወንበር ባዶ ነበር።

«ጠብታው አልገደለውም፤ ሦስት ሕፃናት ምስክር ናቸው። መርዝም አይደለም፤ ውሻው በሕይወት አለ። የገደለው ለሌላው ሰው ምግብ የሆነ ነገር ነው። ማቴዎስ፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው አይተሃል?»

«አይቻለሁ። ልክ እንዲህ ነው የሚያብጠው። አለርጂ ይባላል።» «በመርፌ ብቻ ነበር የማውቀው። በምግብ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም።»

«ካርዱ ሲነግርህ ከርሟል። የነሐሴው ፍልሰታ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የነቢያት ጾም፤ የየካቲቱ ሁዳዴ። ኦይታ ባይጾምም ቤቱ ሲጾም ከቤቱ ሽሮ ይበላ ነበር። ዓይኑ ሁልጊዜ ቀድሞ ያስጠነቅቀው ነበር።»

«ሽሮውን ትቶት የለም እንዴ?» አለ ካሱ።

«ትቶታል። ዛሬ ግን ለውዙ ከሽሮው ወደ እንቁላሉ ድስት ገብቷል።»

ሻሺቱ ማልቀስ ጀመረች። «ጭልፋ አምታትቼ ይሆን? እኔ ነኝ የገደልኩት?»

«አይደለሽም።» ብርሃነመስቀል ሰማያዊ ክር ያለውን ጭልፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይህ ከፍስክ ዕቃ ጋር ተሰቅሎ ነበር። ሽሮው ውስጥ በምትኩ ጣሳ ገብቷል። ለምን? የጾሙ ጭልፋ እንቁላልና ቅቤ ስለነካ ወደ ጾሙ ድስት መመለስ አልቻለም። አንቺ ወይም ማቴዎስ ብትሆኑ ይህ አያስጨንቃችሁም፤ መልሳችሁ በቦታው ትሰቅሉት ነበር። ካሱ፣ አንተ ትጾማለህ?»

«እጾማለሁ። ግን ጭልፋ ለይቼ አላውቅም፤ እናቴም የምትረግመኝ በዚህ ነው።»



«ለጾም ዕቃ እንዲህ የሚጠነቀቅ በዚህ ቤት አንድ ሰው ነው» አለ ብርሃነመስቀል።

ወይዘሮ ልክነሽ ጭልፋውን አዩ።

«ልገድለው አልነበረም» አሉ። «ትንሽ ሽሮ ጨምሬበት፣ በልቶ ሲጨርስ፣ ‹ይኸው በላህ፣ ምን ሆንክ?› ልለው ነበር። ቅቤው ከቤቴ እንዲወጣልኝ ብዬ። እዚያች ወንበር ላይ ዓይኑን ማከክ ሲጀምር ገባኝ።»

«ለማቴዎስ ለምን አልነገሩትም?»

«አፈርኩ። አሁን ይተወዋል፣ አሁን ይተወዋል እያልኩ ቆየሁ።»

«ማቴዎስን ሲያስሩትስ?»

«ያን ጊዜም ዝም አልኩ።» እጃቸውን ወደ ጭልፋው ዘርግተው ሳይነኩት መለሱት። «የጾሙ ድስቴ እንዳይረክስ ግን ተጠንቅቄአለሁ።»

ማቴዎስ አልወቀሳቸውም። እሱም በኦይታ ስቆበት ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው ደረሰና ወይዘሮ ልክነሽን ይዞ ወደ ሴቻ ወጣ። የማቴዎስ እጅ ተፈታ። እሱም ካርዱን ወስዶ፣ ከየካቲት 26 ሥር «ለውዝ» ብሎ ጻፈ። ኦይታ በማግሥቱ ላንቴ ተቀበረ።