የአሠልጣኙ ትራስ

አሠልጣኙ ሞቶ የተገኘው ቡድኑ ሁለት ለአንድ እየመራ ሳለ ነው። የዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ጭንቅላቱን የመታው የመረብ መወጠሪያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ጫማው ከእግሩ ወልቆ ራሱ ሥር ተደርጓል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የግራ እጅጌውን ገለጠች። ሁለቱን ጫማዎች አጣምሮ ያሰረው ማሰሪያ የእጁ አንጓ ላይ ሦስት ጊዜ ተጠምጥሟል። እጅጌውን መለሰችና ለማንም ሳትተነፍስ ወጣች።

ቡድኑ ቤት የሌላቸው ሰዎች ኳስ እየተጫወቱ ኑሯቸውን የሚያቃኑበት ነው። ጣት ሁሉ የተቀሰረው በረኛው ላይ ነበር። ቀይ ካርድ አይቶ ሲወጣ አሠልጣኙን «አሳይሃለሁ» ብሎታል። ሰባት ዓመት ድልድይ ሥር ያደረ ሰው፣ ሰኞ በክለቡ ዋስትና የቤት ቁልፍ ሊረከብ ነበር። አሁን በካቴና ታስሮ፣ አይደለሁም ማለቱ እንኳ ታክቶታል።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ሕዝብ ፊት ሲሮጡ ነበር። ከአሠልጣኙ ሌላ የዕቃ ክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ደግሞ ሁለት ናቸው፤ የክለቡ ሰብሳቢና የማልያ አጣቢዋ።

አስከሬኑን ያገኘው ሰብሳቢው ነው፤ ከበሩ ሳያልፍ ጮኾ ሮጧል። አሠልጣኙ ቀድሞ የመጠለያ ዘበኛ እንደነበር፣ በዝናብ የመጣችን ሴት ሰዓት አልፏል ብሎ እንደመለሰ፣ ቡድኑንም በዚያ ጸጸት እንዳቋቋመ ነገራት። ይህን ታሪክ አሠልጣኙ በየዓመቱ የውድድር መክፈቻ ላይ እየተናገረ ሰው ያስለቅስ ነበር። ጫማው ለምን ራሱ ሥር እንደገባ ስትጠይቀው፣ «እንዲመቸው ይሆናላ» አለ።

አጣቢዋ ከጠዋት ጀምሮ ወደዚያ ክፍል ዝር እንዳላለች፣ በሕይወቷም ከቤቷ ውጭ አድራ እንደማታውቅ ተናገረች። ስለ ጫማው ግን ለመመለስ አላመነታችም።

«እንዳይሰርቁት ነዋ። ማሰሪያውን እጅ ላይ ጠምጥሞ ነው የሚተኛ፣ ሲጎተት እንዲነቃ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ሰበሰበች።

«የበረኛው ሁለት አውራ ጣቶች ከጠዋት ጀምሮ በፕላስተር ተጠፍረዋል» አለች። «የራሱን ጫማ እንኳ ያሰረለት ሌላ ሰው ነው። ያን ቋጠሮ እሱ አልቋጠረውም። ሰብሳቢው ያዩት ጫማውን ብቻ ነው። እትዬ፣ እርስዎንም የጠየቅኩዎት ስለ ጫማው ነበር። ማሰሪያው ከእጅጌው ሥር ነው፤ ማን ነገረዎት? ደጅ ያላደረ ሰውስ ይህን ዘዴ ከየት ያውቀዋል? የድሮ ልማድ ነው ያጋለጠዎት።»

አጣቢዋ እርጥብ እጆቿን በሽርጧ አደረቀች።

«ልማድ አይደለም። ልጄን እንደዚያ አድርጌ ነው ያስተኛኋት፣ በሩን የዘጋብን ቀን። ጠዋት ብቀሰቅሳት ደርቃለች። እሱም እንደሷ ይተኛ አልኩ።»

ሰብሳቢው ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸት እንደኖረ አጉረመረመ።

«ሰምቼዋለሁ። ሦስት ዓመት ማልያውን ሳጥብ መልኬን አላወቀኝም። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ በሩ አወራ፣ ስለ ጸጸቱ አወራ። ልጅ ይዛ ነበር ያለበት ቀን የለም። ዛሬ ‹ልጅቷስ?› አልኩት። ‹የቷ ልጅ?› አለኝ። ቢነሳ እደግመዋለሁ።»

ካቴናው ከበረኛው ተፈታ። የተጠፈሩ እጆቹን እያሻሸ ፊቷ ቆመ።

«እትዬ፣ እኔን ሲወስዱኝ እያዩ ዝም ሊሉ ነበር?»

አጣቢዋ እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።