የጭራው ቋጠሮ

መርማሪው የሞተ ሰው ያለበት ቤት ሲገባ አስቀድሞ የሚፈልገው መቀመጫ ነው። ደረጃ ሲወጣም፣ በር ሲያንኳኳም፣ ነፍሰ ገዳይ ሲይዝም አንድ ቃል ብቻ ስለሚደጋግም ባልደረቦቹ «ደከመኝ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሱም ስሙን ለመቃወም ደክሞት ተቀብሎታል።

ያን ዕለት ጠዋት ከቴአትር ቤቱ መድረክ ሥር፣ ከትልቁ የመስታወት ገንዳ አጠገብ፣ ስፖንጁ የወጣ ሶፋ አገኘና ተቀመጠ። ከውሃው ያወጧትን ሴት ከዚያው ሆኖ አያት።

የቴአትር ቤቱ የልብስ ንድፍ አውጪ ነበረች። ከወገቧ በላይ ፀጉሯ የሸበተ፣ ጎልማሳ ሴት ናት። ከወገቧ በታች ግን ዓሣ ናት። ለአዲሱ ትርኢት የሠራችው የባሕር ሴት ጭራ እግሮቿን ውጦ፣ ጫፉ እንደ መዳፍ ተዘርግቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። በአረንጓዴው ቅርፊት መሐል በሰማያዊ ክር የዓሣ አጥንት የመሰለ ጥልፍ ተጠልፎበታል።

ሥራ አስኪያጁ መሐረቡን እያጣመመ ነገሩን አስረዳው። ሟቿ የሠራችውን ጭራ ሌላ ሰው ሳይለብሰው ራሷ ትሞክረዋለች። ሠራተኛ ሳይገባ፣ ብቻዋን። ሰው ካየኝ የልብሱን ስሕተት ትቼ የራሴን እፍረት ነው የማስበው ትል ነበር። ይህን ልማዷን በቤቱ የማያውቅ የለም።

«ጭራው ውስጥ ሆና ቢጨንቃትስ?» አለ መርማሪው።

«መክፈቻ አለው ጌታዬ። ሲለብሱት በወገቡ ይገቡበታል፤ ውሃ ሲነካው ስለሚጣበቅ ግን ለማውለቅ ከጎኑ ያለውን ጥብጣብ ሲስቡት እስከ ታች ይከፈታል።»

መርማሪው እየቃተተ ተነሣና ጥብጣቡን ሳበው። አልተከፈተም። ጫፉ ተጎትቶ ተጎትቶ ተበጣጥሷል፤ የሟቿም ጥፍሮች ተሰብረዋል። ቅርፊቱን ገለጥ ቢያደርግ የጎኑ መክፈቻ ከወገብ እስከ ታች በሰማያዊ ክር ተሰፍቶ፣ መጨረሻው ላይ በጠንካራ ቋጠሮ ታስሯል። ስፌቱም እንደ ጥልፉ የዓሣ አጥንት ነው።

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ይህ የባሕሩ ዳር መንደር፣ የዳርቻ ሰዎች ስፌት ነው፤ ከዚህ ቤት የሚችሉት ሁለት ናቸው አለ። አንዱ የሟቿ ምክትል ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ልጇ ነበር። ሁለተኛዋ ጭራውን ለብሳ ልትጫወት የነበረችው የዳርቻ ተወላጅ ዋናተኛ ናት። ባለፈው ሳምንት ጭራውን ሰው ሁሉ ፊት ወርውራ፣ «ይህን የለበሰ ውሃው አይመልሰውም» ብላለች።

የመርማሪው አለቃ በስልክ ይህንኑ ሰማ። «እንግዲህ ምን ትፈልጋለህ? ሳይመሽ ልጅቷን ይዘህ ግባ» ብሎ ዘጋው።

ምክትሉን ስፌት ክፍል አገኘው። ራስ የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል፤ የካውያው ሽታ አልጠፋም። ወጣቱ ዓይኑ ቀልቷል፤ ቢሆንም እንግዳ መቀበል ያውቅበታል።

«ጋሼ፣ ኪስዎ ሊወድቅ ነው እኮ። ኮቱን ይስጡኝ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ አልችልም።»

መርማሪው ኪሱ የተንጠለጠለበትን ኮት አውልቆ ሰጠው። ወጣቱ እየሰፋ አወጋው። ይህን ስፌት አያቱ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው አስተምረውታል። አያቱ የዳርቻ ሴት ናቸው። ጋዜጠኞች «የዳርቻው ልጅ» የሚሉትም ለዚህ ነው። እትዬ የሚላት ሟቿ ጥልፉን ለጭራው ስትፈልገው፣ የባለቤቶቹ ፈቃድ ያስፈልጋል ብላ ተጨንቃ ነበር። የአያቴ ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ ያላት እሱ ነው።

«ዋናተኛዋስ?»

«እሷ ዘመድ አድርጋ አትቆጥረኝም። ግን ዘመድነት በእሷ ይሁንታ አይደለም፤ ደም ነው።» ክሩን ቋጠረና በጥርሱ በጠሰው። «ማንንም አልከስም ጋሼ። እጁን ያየ ያውቀዋል፤ ሌላ ምን እላለሁ?»

ኪሱ እውነትም በሰማያዊ የዓሣ አጥንት አምሮ ተሰፍቷል። መርማሪው አመስግኖ ኮቱን ለበሰ።

ሲወጣ በመግቢያው አዳራሽ አለፈ። ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ ያረጀ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ ያው የዓሣ አጥንት ነው። አጥንቶቹ ሁሉ ጫፋቸውን ወደ ላይ አቅንተዋል። የጨርቁን ጠርዝ ፍሬሙ ሸፍኖታል። ከፍሬሙ አናት ላይ ያለው የናስ ጽሑፍ ግን ተዘቅዝቋል። መርማሪው አንገቱን አጣምሞ «የዳርቻ ሰዎች የጌጥ ጨርቅ» የሚለውን አነበበ። የድሮው ማንጠልጠያ ሽቦ ከታች ሥራ ፈትቶ ተንጠልጥሏል፤ ፍሬሙን አሁን የያዘው አዲስ ጥብጣብ ነው፤ ከስፌት ክፍል የመጣ።

አንድ ሰው በቅርቡ ገልብጦታል። መርማሪው አንገቱን እያሸ ወደ ዋናተኛዋ ሄደ።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቦርሳዋን አዘጋጅታ ተቀምጣለች።

«ሊወስዱኝ ነው? ጫማዬን ልቀይር?»

«ቆይ ልጄ፤ ልቀመጥ። አንቺ የተናገርሽው ነገር ምንድን ነው?»

የነገርኳቸው የጨርቁን ትርጉም ነው፤ ማስፈራሪያ ያደረጉት እነሱ ናቸው አለች። በዳርቻ አንድ ሰው ባሕር ገብቶ አስከሬኑ ሳይገኝ ሲቀር፣ የቤቱ ሴቶች በቁመቱ ልክ ጨርቅ ቆርጠው ይህን አጥንት ይጠልፉበታል። ውሃው ያልመለሰው ሰው ጨርቅ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለው የአያቷ ወንድም ነው። የአባቷ ደግሞ ቤቷ አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለውን ገና ሥራ ስትጀምር፣ ተዘቅዝቋል ብላ ለሥራ አስኪያጁ ነግራው ነበር። ጌጥ ራስና እግር አለው እንዴ ብሎ ሳቀባት።

«ከዚያ ይህንኑ ጭራ ላይ አድርገው ልበሺ አሉኝ። አባቴን ቂጤ ላይ አላስርም አልኳቸው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ? ግን ንዴት ይሰለቻል ጋሼ። እኔም ሰልችቶኝ ነበር።»

«ሟቿንስ ከዚያ ወዲህ አላገኘሻትም?»

ቦርሳዋን ወደ ጎን አድርጋ ነገረችው። ትናንት አመሻሹ ላይ ንድፍ አውጪዋ ቤቷ መጥታ ነበር። ግቢ ብትላትም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። የምክትሏን አያት ታውቂያቸዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዳርቻው ትንሽ ነው፣ ሁሉም ይተዋወቃል፤ እንዲህ ያሉ ሴት የሉም አለቻት። ንድፍ አውጪዋም ይቅርታ ጠየቀች። ጥልፉን ነገ አስተረትረዋለሁ፣ ጭራው ብቻውን ይበቃል፣ ለልጁም ዛሬውኑ እነግረዋለሁ ብላ ተነሣች። ከመሄዷ በፊት ጨርቁ በየት በኩል እንደሚሰቀል ጠየቀች።

«ማን ያምነኛል? ያየን ሰው የለም።»

ይህን ብላ ቀና ስትል ዓይኗ ኮቱ ላይ ወደቀ። ፊቷ ተለወጠ።

«ጋሼ፣ ኪስዎን ማን ነው የሰፋው?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅም፣ «እባክዎ ያውልቁት» አለችው።

ለምን ብሎ ጠየቃት። ቀስ ብላ ነገረችው። እሱም ሰምቶ «ደከመኝ» አለና ተነሣ።

ሁሉንም ገንዳው አጠገብ ሰበሰባቸው። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። ምክትሉ እጆቹን አጣምሮ ቆሟል። ዋናተኛዋ ከውሃው ራቅ ብላለች። መርማሪው ሶፋው ላይ ሆኖ ኮቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«የሞተችው ሴት ትናንት ማታ ሐሳቧን ለውጣ ነበር» ብሎ ጀመረ። «አዳራሹ ውስጥ ያለውን ጨርቅ ያቃናችው እሷ ናት። ለዓመታት ተዘቅዝቆ ኖሯል። ጽሑፉ ተገልብጦ የቀረው ስለቸኮለች ነው፤ የሰቀለችበትም ጥብጣብ ከስፌት ክፍሏ ነው። በየት በኩል እንደሚሰቀል ሊነግራት የሚችል ደግሞ እዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ ተገናኝተዋል፣ ታርቀዋልም። ዋናተኛዋ የጠየቀችውን ሁሉ አግኝታለች። የፈለገውን ያገኘ ሰው ለምን ይገድላል?»

«ስፌቱስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «የዳርቻ ስፌት ነው አላልንም?»

«ይመስላል። የዳርቻ ሴቶች ከእግር ጀምረው ወደ ራስ ነው የሚሰፉት። ሰውየው ከባሕሩ ወጥቶ እንዲመጣ። መጨረሻ ላይ ደግሞ ክሩን አይቋጥሩም፤ እንዲሁ ይለቁታል። ሰውየው አልተመለሰማ፤ መንገዱ አይዘጋበትም። ይህ ጭራ ግን ከወገብ ወደ ታች ተሰፍቶ በቋጠሮ ተዘግቷል። የሰፋው ሰው ስፌቱን የተማረው ከተዘቀዘቀ ጨርቅ ነው። ጠርዙን ፍሬሙ ስለሚሸፍነው ክሩ ሳይቋጠር መቅረቱንም አላየም።»

«ሆን ብላ አሳስታ ሰፍታው ቢሆንስ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«እጇን መደበቅ ብትፈልግ በተራ ክር መስፋት ይበቃት ነበር። በዚህ ስፌት የሰፋው እሷን እንድናይ የፈለገ ሰው ነው።»

ምክትሉ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ጋሼ፣ አያቴ እኮ ከዚያ ከወጡ ቆይተዋል። ትንሽ ተሳስተው ቢያስተምሩኝስ?»

«እኔም ይህንኑ አስቤ ነበር። አንድ ነገር ግን የትኛዋም የዳርቻ አያት አትሳሳተውም።» መርማሪው ኪሱን ወደ እሱ አዞረው። «ይህ ስፌት ውሃ ለወሰደው ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ልብስ ላይ መርፌ አያስነኩትም። አንተ ግን የኔን ኮት ሰፋህልኝ፤ ከልብህ፣ በደግነት። ከላይ ወደ ታች፣ በዚሁ ክር፣ በዚሁ ቋጠሮ። እጁን ያየ ያውቀዋል ብለኸኝ አልነበር? አስተያይቼዋለሁ፤ የጭራውና የኪሱ እጅ አንድ ነው።»

ምክትሉ የኪሱን ስፌት ትኩር ብሎ አየው።

«በሰው ወርቅ አይደምቁ ይባላል» አለ መርማሪው። «አንተ ደምቀህበት ነበር። ትናንት ማታ ነገረችህ?»

ወጣቱ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። ሲናገር ድምፁ እንደ መርማሪው የዛለ ነበር። ያደገው ዘመድ አልባ ነው። አዳራሹ ውስጥ የተሰቀለውን ጨርቅ ያየው ገና ተላላኪ ሆኖ ሲገባ ነው፤ በየቀኑ እያየ ስፌቱን ለመደው። አንድ ቀን ሰው ከየት ተማርክ ሲለው ከአያቴ አለ።

«ከዚያ በኋላ በየሄድኩበት ስለ እሷ ይጠይቁኛል። ፊቷን፣ ድምጿን፣ ሁሉን ሠራሁላት። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው አይደል። ትናንት እትዬ አልተቆጣችኝም። አንተው ለሰው ተናገር፣ አብሬህ እቆማለሁ ነው ያለችኝ። አያቴን ልትገድልብኝ መሰለኝ። ጭራውን ሳትሞክረው መክፈቻውን ሰፋሁት።»

«አያትህ የኖረች ሴት አልነበረችም» አለች ዋናተኛዋ። «እትዬ ግን ነበረች።»

ምክትሉን ወሰዱት። ሥራ አስኪያጁ ትርኢቱ እንዴት እንደሚሆን ለመጠየቅ አፉን ከፍቶ፣ የልጅቷን ፊት አየና ዘጋው።

ዋናተኛዋ ከስፌት ክፍል ትንሽ መቀስ አምጥታ ከመርማሪው አጠገብ ተቀመጠች። ኮቱን ከጉልበቱ ወሰደችና ልትተረትረው ስትል እጇን ያዘ፤ ቋጠሮው ለፍርድ ቤት ይፈለጋል። በስፌቱ ዙሪያ ጨርቁን ቆርጣ ኪሱን እንዳለ ሰጠችው።

«ሌላ ልሰፋልዎት? በተራ ክር።»

«ይቅር ልጄ፤ ደግሞ ምን እይዝበታለሁ?» አለና ወደ አስከሬኑ ተመለከተ። «ለእሷስ ትጠልፉላታላችሁ?»

«አይ። እሷን ውሃው መልሷታል። እሷ ትቀበራለች።»

ከዚያ ወደ አዳራሹ ሄደች። ፍሬሙን ማንንም ሳታስፈቅድ አወረደች፣ ጀርባውን ፈታ ጨርቁን አወጣች፣ የናሱን ጽሑፍ ከነመስታወቱ ወለሉ ላይ ተወችው። ከጨርቁ አናት ያልተቋጠረው ሰማያዊ ክር ተለቆ ተንጠለጠለ። የራስጌውን በኩል ወደ ላይ አድርጋ እንደ ሕፃን አቀፈችው።

መርማሪው ከሶፋው ተነሥቶ ቀድሟት ሄደና ከባዱን በር ከፈተላት። እስክታልፍ ድረስ በትከሻው ደግፎ ይዞት ቆመ፤ «ደከመኝ» አላለም።