የእንግዳ ቀን ሄልሜት

አስከሬኑ የተኛው የሥራ ደህንነት ደንብን አክብሮ ነው። ሄልሜቱ ከራሱ ላይ አልወለቀም፤ ማሰሪያው አገጩ ስር ጥብቅ ብሎ ተቆልፏል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከሄልሜቱ ስር ያለው ሰው፣ የሕንፃ ተቆጣጣሪው መሐንዲስ ቶኩማ ሌንጂሳ፣ ሞቷል።

እሑድ ከሰዓት ነው። የአሶሳ ዝናብ ጥቂት ፋታ ሰጥቷል። በመሠራት ላይ ያለው ባለ ሦስት ፎቅ የገበያ ሕንፃ ፊቱን በቀርከሃ መወጣጫ ተሸፍኖ ቆሟል፤ ከላይ አንዱ ጥግ ተንዶ ቀርከሃው ሬሳው ዙሪያ ተበትኗል። አጥሩ ላይ «ደህንነት የሁላችንም ኃላፊነት ነው» የሚል ባነር ተሰቅሏል። የሁላችንም የሆነ ነገር መጨረሻው ማን ጋ እንደሚያርፍ የታወቀ ነውና፣ ፖሊስ ቀድሞ የያዘው መወጣጫውን ያሰረውን ዋሊድን ነበር። ካቴና ገብቶለት የፖሊስ ፒካፕ ላይ ተቀምጧል። ሚስቱ ብኸይታ ጎማውን ተደግፋ ቆማለች፤ ሂጂ ቢሏትም አልሰማችም።

ኢንስፔክተር ዐፊፋ መጀመሪያ ወደ ዋሊድ ሄደች። የመንጌ ወረዳ ልጅ ናት፤ ሁለቱም በበርታኛ ቢነጋገሩ ይቀናቸው ነበር። ነገር ግን ቃል የሚመዘገበው በአማርኛ ነው፤ ሰውም የሚታሰረው በዚያው በአማርኛ ነው።

«መወጣጫውን ያሰርከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነው። ወላሂ ጥሩ አሰርኩ። በልጥ አሰርኩ፣ ሁለቴ ዞረ። ብዙ ሰው ይወጣል፣ አንድ ቀን ሰው አልወደቀም።»

«ሬሳውን ያገኘው የሳይቱ ኢንጂነር ግን እስሩ ልል ነበር ይላል።»

«ኢንጂነር ይላል፣ እኔ ይታሰራል።» ዋሊድ ካቴናውን አየት አደረገ። «ነገ ፍርድ ቤት ይወስዱኛል። ሰው ገደለ ይላሉ። እዚያ እኔን ማን ይሰማል?»

ዐፊፋ ቃሉን መዘገበች። ከዚያ ሬሳው አጠገብ ሄዳ ተንበረከከች።

ሄልሜቱን በቀስታ ስታወልቅ የኋላ ራስ ቅሉን ተሰብሮ አገኘችው። ሄልሜቱ ግን አልተጫረም። ቀለሙ ቀይ ነው፤ አንዱን ጎኑን ፀሐይ በልቶት ወደ ሮዝ ሄዷል፣ ሌላው ጎኑ ደግሞ ከሱቅ ዛሬ የወጣ ይመስላል። የሟቹ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ግራጫ ጭቃ ደርቆበታል፤ የተኛበት መሬት የአሶሳ ቀይ አፈር ነው። አገጩ ስር አዲስ የጥፍር ጭረት አለ፤ በራሱ ጥፍር ውስጥም ቀይ ክር ተሰክቷል። ከወደቀው ቀርከሃ ላይ የተንጠለጠለውን የዛፍ ልጥ አንስታ ጫፉን አየችና ኪሷ ከተተችው።

ቀጥላ ወደ ሕንፃው ገባች። አሳንሰሩ ገና አልተገዛም፤ ምናልባትም አይገዛም። ጉድጓዱ ግን ከወዲሁ ተዘጋጅቷል። ታች የዝናብ ውኃ ከሲሚንቶ ዝቃጭ ጋር ተቀላቅሎ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ጥልቀት ቋጥሯል፤ አጠገቡ ያው ዝቃጭ የደረቀበት የእጅ ጋሪ ቆሟል። በደረጃው ወጣች። አንደኛ ፎቅ ላይ የጉድጓዱ አፍ ክፍት ነው። ሁለተኛው ላይ በጣውላ ተዘግቷል፤ ምስማሮቹ ያበራሉ። ሦስተኛው ላይ እንደገና ክፍት ነው።

ሬሳውን አግኝቶ ለፖሊስ የደወለው የሳይቱ መሐንዲስ ቴዎ ነበር። ከቶኩማ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረዋል። ዓይኑ በለቅሶ አብጧል።

«እንዴት አገኙት፣ ኢንጂነር?»

«ሥራውን ልይ ብዬ በባጃጅ መጣሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ስገባ እንዲህ ሆኖ። ወዲያው ደወልኩላችሁ።»

«ለአምቡላንስስ?»

«ሞቶ ነበር እኮ።»

«እሑድ ምን ሊሠራ መጣ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አርብ ጉብኝት ነበር፣ ሁሉን አይቶ ሄዷል። የመዋቅሩ ርክክብ በሚቀጥለው ሳምንት ነው።»

«ሄልሜቱን ማን ሰጠው?»

«ራሱ ይዞ መጥቶ ይሆናላ። ጠንቃቃ ነበር።»

የሳይቱ የደህንነት ባለሙያ ሸዋሉል ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንዳጣፋች ነው የደረሰችው። ለዐፊፋ መጋዘኑን ከፈተችላት። ነጫጭ ሄልሜቶች በመደርደሪያ ላይ ተሰልፈዋል፤ ገሚሶቹ ከላስቲካቸው አልወጡም።

«አንድም አልጎደለም» አለች ሸዋሉል። «ቁልፉ ከእኔ አይለይም።»

«ሠራተኛው መቼ ነው የሚያደርጋቸው?»

«እንግዳ ሲመጣ ነዋ። በየቀኑ ካደረጓቸው ይቆሽሻሉ። እንግዳ ሲመጣ ምን ልናሳይ ነው?» ይህን ስትል አልቀለደችም።

«የአሳንሰሩ አፍስ?»

«አርብ ለጉብኝቱ በየፎቁ በጣውላ ዘግተን ቀይ ሪባን አድርገንበት ነበር። ያምር ነበር። ቅዳሜ ጣውላው ኮንክሪት ለሚሞላበት ካሳፎርማ ተፈለገና ሁሉም ተነሳ።»

«ማን አስነሳው?»

«ኢንጂነር ቴዎ። እኔ ተው ብዬው ነበር።» ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «አይ፣ አላልኩም። ልል ነበር።»

«ቶኩማ ይህን ያውቅ ነበር?»

«ሳይጠረጥር አይቀርም። አርብ ሲወጣ ሳቅ ብሎ፣ ሸዋሉልዬ፣ ይሄን ሕንፃ ሳይኳኳል ማየት አለብኝ አለኝ።»

ኮንትራክተሩ አቶ ደባልቄ ሰኞ ጠዋት ደረሰ። ሐዘኑን ከገለጸ በኋላ ርክክቡ ይራዘም እንደሆነ ጠየቀ።

«እሑድ የት ነበሩ?» አለችው ዐፊፋ።

«ግልገል በለስ ከተማ፣ ዘመድ ልቀብር። ስመለስ ሚኒባሱ ወገቤን ቀንጥሶታል።»

«መኪናዎስ?»

«ለቴዎ ትቼለት ሄድኩ። ለሳይቱ ሥራ ያስፈልገዋል ብዬ።»

ዐፊፋ ይህን በማስታወሻዋ ጻፈች። «እዚህ ሳይት ለደህንነት የሚጠየቀው ማነው?»

«ቴዎ ፈርሞልኛል። ቴዎ ሸዋሉልን አስፈርሟል። ሸዋሉል ደግሞ ዋሊድን በጣቱ አስፈርማለች። እኛ ጋ አሠራር አለ።»

በዚያ ሕንፃ ውስጥ የውኃ ቧንቧ ገና አልተዘረጋም፤ ኃላፊነት ግን ያለ ቧንቧም ከላይ እስከ ታች ይወርድ ነበር።

ዐፊፋ ከዚያ ቴዎ ወደ ተከራየበት ቤት ሄዳ ከአጥሩ ሥር የቆመችውን የደባልቄን መኪና በመስታወቱ አሻግራ አየች። ዳሽቦርዱ በአቧራ ተሸፍኗል፤ መሃሉ ላይ አቧራ ያልነካው አንድ ክብ ቦታ አለ።

ዋሊድ ፍርድ ቤት የሚቀርበው ከሰዓት ነው። ዐፊፋ ከዚያ በፊት ሁሉንም በአሳንሰሩ ጉድጓድ አጠገብ፣ ምድር ቤት ሰበሰበቻቸው። ፖሊስም እንግዳ ነውና ሸዋሉል ነጩን ሄልሜት አድላለች። ካቴና ላጠለቀው ለዋሊድም ራሷ አደረገችለት፤ ብኸይታ ከበሩ ላይ ሆና ባሏን እንደ ሌላ ሰው አየችው።

«ሟቹ የኋላ ራሱ ተሰብሯል» ብላ ጀመረች ዐፊፋ፤ «ራሱ ላይ የነበረው ሄልሜት ግን ጭረት የለውም። ስለዚህ ሄልሜቱ የተደረገለት ከወደቀ በኋላ ነው።»

«ለወደቀ ሰው ሄልሜት ምን ያደርግለታል?» አለ ደባልቄ።

«ለእሱ ምንም። ሸዋሉል፣ አደጋ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድን ነው?»

«ሄልሜት አድርጎ ነበር ወይ» አለች ሸዋሉል፣ ሥልጠና ላይ እንደ ተማረችው።

«ደግሞም የወደቀው ውጭ አይደለም። ውጭ ያለው ጭቃ ቀይ ነው። ጀርባው ላይ የደረቀው ይሄ ነው» ብላ ወደ ግራጫው ዝቃጭ አመለከተች። «ከሁለተኛው ፎቅ ነው የወደቀው። ቅዳሜ ጣውላው ከየፎቁ ተነስቷል፤ ትናንት ግን ሁለተኛው ፎቅ ብቻ በአዲስ ምስማር ተዘግቶ አገኘሁት። ለሰው ደህንነት ያሰበ ሰው ሦስቱንም ይዘጋ ነበር። አንዱን ብቻ የሚዘጋው፣ አንዱ ብቻ ያስፈራው ሰው ነው።»

ዐፊፋ በእጇ ወደ ውጭ ጠቆመች።

«እዚህ ቢገኝ የሚጠየቀው ጣውላውን ያስነሳው ነው። ውጭ ቢገኝ የሚጠየቀው ዋሊድ ነው። ስለዚህ በእጅ ጋሪ ተገፍቶ ወጣ፤ ከላይም የመወጣጫው እስር እንዲለቅ ተደረገ። በራሱ የተበጠሰ ልጥ ጫፉ ይተለተላል።» ልጡን ከኪሷ አወጣች። «ይሄ በቢላ ነው የተቆረጠው።»

ዋሊድ ልጡን አይቶ በበርታኛ አንድ ቃል ተናገረ። ዐፊፋ አልተረጎመችውም።

«የቀረው የሄልሜቱ ባለቤት ነው። የመጋዘኑ ሁሉ ነጭ ነው፣ ቁልፉም ከሸዋሉል ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይሄ ቀይ ነው። ሰው የሚያደርገው ሄልሜት ከሰውየው ጋር ስለሚዞር ዙሪያውን እኩል ይደበዝዛል። ይሄ ግን ወራት ሙሉ አንድ ጎኑን ለፀሐይ ሰጥቶ የተቀመጠ ነው። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ።»

«የኔ ነው» አለ ደባልቄ ቶሎ ብሎ። «መንገድ ላይ ትራፊክ ሲያስቆመኝ ኮንትራክተር መሆኔ እንዲታወቅ ነው የማስቀምጠው። እኔ ግን ግልገል በለስ ነበርኩ።»

«አቶ ደባልቄ፣ እርስዎ ችግር ሲመጣ ሁልጊዜ ግልገል በለስ ነዎት። መኪናዎ ግን እዚህ ነበረች።» ወደ ቴዎ ዞረች። «አንተ በባጃጅ መጣሁ ብለኸኛል።»

ቴዎ ከንፈሩን ላሰ። «አልገፋሁትም። ደውሎ በር ክፈትልኝ አለኝ፤ ከፈትኩለት። እኔ ታች ስልክ ሳወራ ድምፅ ሰማሁ። ስደርስ ሞቶ ነበር። የሙያ ፈቃዴን ይነጥቁኛል ብዬ ፈራሁ፤ ይሄው ነው። ሬሳ ነው ያንቀሳቀስኩት።»

«አገጩ ስር የጥፍር ጭረት አለ። ማሰሪያው ስር የገባውም የሟቹ የገዛ ጣት ነው፤ ጥፍሩ ውስጥ ያገኘሁት ከማሰሪያው የተላጠ ቀይ ክር ነው። ሬሳ ማሰሪያ ለማላላት አይታገልም፣ ቴዎ።»

ቴዎ ሲናገር ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ዓይኑን ገልጦ አይቶኝ ነበር። ሄልሜቱን ሳደርግለት የምረዳው መስሎት አገጩን ቀና አደረገልኝ። ከዚያ ልጡን ልቆርጥ ወጣሁ። ስወርድ ዝም ብሎ ነበር።»

«ልጡን ከቆረጥክበት የከተማው ሆስፒታል ይታያል» አለች ዐፊፋ።

«ይታያል።»

ሸዋሉል ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች። ደባልቄ ስልኩን አውጥቶ ጠበቃ ፈለገ።

ካቴናው ከዋሊድ እጅ ወልቆ ለቴዎ ገባ። ዋሊድ የእጁን አንጓ እያሸ ወደ ውጭ ወጣ። ብኸይታ እጁን ያዘችው። ደባልቄ ስልኩን ጆሮው ላይ እንዳደረገ ተከተላቸው።

«እንኳን አላህ አወጣህ፣ ዋሊድ። እኔ እኮ ከመጀመሪያውም አላመንኩም። እንግዲህ ርክክብ ደርሷል፣ ያቺን ጥግ ነገ ታስርልናለህ።»

ዋሊድ ወደ ዐፊፋ ዞረ። «ፖሊስ ይሄ ቀርከሃ ይፈልጋል?»

«የምፈልገውን ወስጃለሁ።»

ዋሊድ ሄልሜቱን አውልቆ መሬት ላይ አስቀመጠና በመወጣጫው ሽቅብ ወጣ። ጫፍ ሲደርስ የላይኛውን እስር መፍታት ጀመረ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን።

«ምን እያደረግክ ነው?» ብሎ ጠየቀ ደባልቄ ከታች። «ዋሊድ፣ ርክክብ አለብን እኮ።»

«ቤት ያንተ ነው» አለ ዋሊድ ከላይ። «ቀርከሃ የኔ ነው።»

የመጀመሪያውን ቀርከሃ ነፃ አውጥቶ በሁለት እጁ ያዘና ወደ ታች አየ። ግቢው ውስጥ ሠራተኞች፣ ፖሊሶችና ወሬ ፈላጊዎች ቀና ብለው ያዩታል።

«ከስር ያለ ሰው ዞር ይበል» አለ።

በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ ሲነገር ሰምተው ስለማያውቁ፣ መጀመሪያ ማንም አልተንቀሳቀሰም።