ሰም ያልጠጣው ሽቦ

ፈተናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ጊታሩ ገና ክሮቹ ወልቀው፣ ሆዱ ተከፍቶ፣ ጠረጴዛው ላይ ተንጋሎ ነበር። ጠጋኟ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሽቦዎች በየደችና የመበየጃውን ካውያ አስቀመጠች። እጇ ሥራው ላይ ይሁን እንጂ ልቧ ከግድግዳው ወዲያ ነበር።

ከግድግዳው ወዲያ፣ በፊት ለፊቱ ክፍል፣ ጊታሪስቱ ከአባቷ ጋር ተቀምጦ በየሁለት ደቂቃው ሰዓቱን ያያል። ባየ ቁጥር የተቀመጠበት ወንበር ሲጥ ይላል፤ ወንበሩ ሲጥ ባለ ቁጥር እሷ ትደነግጣለች።

የተዋወቁት በአንድ መሰኪያ ምክንያት ነው። ከሁለት ወር በፊት ጊታሩን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባና «ኬብሉን ስሰካው ድምፅ የለም» አለ። በአሥር ደቂቃ ጠገነችለት። ሳምንት ሳይሞላው ተመልሶ መጣ፤ ያው መሰኪያ። እንደገና መጣ፤ አሁንም ያው መሰኪያ። ስድስት ጊዜ ሲመላለስ አባቷ «ይሄ ልጅ ኬብሉን በጥርሱ ነው እንዴ የሚነቅለው?» አሉ። እሷ ጎንበስ ብላ መበየዷን ቀጠለች። ስትጠግን ከፊቷ ቆሞ ያያታል፤ ቀና ስትል ዓይኑን ወደ ጣሪያው ይሰዳል። ስለ ክር ያወራሉ፣ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ዝምታው ከወሬው ይረዝም ነበር፤ ሁለቱም ግን ሊያሳጥሩት አይቸኩሉም።

በሰባተኛው ግን መሰኪያው ደህና ነበር።

«ፒክአፑን እንድትቀይሪልኝ ነው» አላት። «የዚህ ድምፁ ቀጭን ነው፤ ከፍ ሲደረግ ደግሞ ጥዝ ይላል። በየአገሩ እየዞረ የሚጫወት ትልቅ ባንድ ጊታሪስት እየፈተነ ነው። ወፈር ያለ ድምፅ ይዤ ካልቀረብኩ ገና በሩ ላይ ነው የሚመልሱኝ።»

«ካለፍክስ?»

«ካለፍኩ ሁለት ዓመት ነው።»

«ምኑ?»

«ጉዞው።»

«ጥሩ ነው» አለችው። ቃሉ ከአፏ እንዴት እንደወጣ ራሷም አታውቅም።

ፒክአፕ የጊታሩ ጆሮ ነው ማለት ይቻላል። ከክሮቹ ስር ይቀመጥና የክሩን ንዝረት እየሰማ ወደ አምፕሊፋየሩ ይልካል። ውስጡ ማግኔት አለ፤ በማግኔቱ ዙሪያ ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ሽቦ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ይጠቀለልበታል። የአባቷ ዓይን ያንን ሽቦ ማየት ካቆመ ቆይቷል፤ የሚጠቀልለው የእሷ እጅ ነው። ለእሱ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ሠራችለት፤ አንዱ የሚያመጣውን ጥዝታ ሌላው እንዲያጠፋው። አራት ቀን ፈጀባት። በሕይወቷ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረው። የተጠቀለለ ሽቦ በቀለጠ ሰም ተነክሮ ሰሙን መጠጣት አለበት። ሰም ካልያዘው ልል ሆኖ ይቀራል፤ ልል ሽቦ ደግሞ በአጠገቡ ያለፈውን ድምፅ ሁሉ ይሰማል። ቤት ውስጥ ቀስ አድርገው ሲመቱት አያስታውቅም። አዳራሽ ውስጥ ድምፁ ሲለቀቅ ግን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ያፏጫል። ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ትናንት ሰሙን ከመሳቢያው አወጣችው፣ ለረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ መልሳ ከተተችውና መሳቢያውን ዘጋች።

በጓሮው በር አክስቷ ገባች። ከጎን ባለው ቤት ልብስ ሰፊ ናት፤ መርፌ ደረቷ ላይ እንደተሰካ ነው የምትዞረው።

«እስካሁን አላለቀም? ምኑን ነበር የምትቀይሩለት?»

«ፒክአፑን።»

«እኔ ፒክአፕ የማውቀው ዕቃ የሚጫንበትን መኪና ነው።»

«ይሄም ይጭናል» አለች ጠጋኟ። «ሰው ጭኖ ይሄዳል።»

አክስቷ ለመሳቅ የከፈተችውን አፍ ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

የጊታሩ ኬብል በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ በፊት ለፊቱ ክፍል ካለው አምፕሊፋየር ጋር ተሰክቶ ነበር። የተጠገነ ሁሉ የሚሞከረው እዚያ ነው፤ እሷ «አብሩ» ሳትል ደግሞ አይበራም፤ የቤቱ ደንብ ነው። ጊታሪስቱ ግን ደንቡን አያውቅም። መቀመጥ ሲያቅተው አባቷ ሳያዩት ተነስቶ አብርቶታል፤ ድምፁንም በአዳራሹ ልክ እስከ መጨረሻው ለቆታል። እሷ ይህን አልሰማችም። የብየዳውን ጭስ እንዲያወጣ ገና አሁን ያበራችው ፋን መስኮቱ ላይ እየጮኸ ነበር።

«ቀና በይ እስቲ» አለች አክስቷ። «ምን ሆነሻል?»

ቀና አላለችም። ጊታሩ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ከንፈሯ ፒክአፑን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተናገረች።

«ሰም አላስነከርኩትም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ያፏጫል ማለት ነው። ድምፁ ከፍ ሲል ያፏጭበትና ‹በቃ ሂድ› ይሉታል። አይወስዱትም። ይቀራል።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ ነው። እወደዋለሁ አክስቴ። ሁለት ዓመት እኮ ነው! ሁለት ዓመት ዓለምን ዞሮ እዚህ አቧራ ውስጥ ማን ይመለሳል? ይቅርልኝ። ብቻ ይቅርልኝ።»

«መውደድሽን ነግረሽዋል?»

መልሷ ስላልተሰማት አክስቷ «ይሄ ነገር ጆሮዬን በላው!» ብላ ተነሳችና ፋኑን አጠፋችው።

«እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለች ጠጋኟ።

«እንዴት ብዬ ልንገረው?» አለ ግድግዳው።

ድምፁ የራሷ ነበር፤ ግን ወፍሮ፣ ጎልቶ፣ ቤቱን የሚሞላ ሆኖ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ጠጋኟ ጊታሩን አየች፣ ኬብሉን በዓይኗ ተከትላ ግድግዳው ድረስ ሄደች፤ ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባት። ሰም ያልጠጣው ሽቦ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ አንድ ሳያስቀር ሰምቶ አሰምቷል።

በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የገቡት አባቷ ናቸው። ስለ ፍቅር አንድ ቃል አልተናገሩም።

«ሰም አላስነከርሽም?» አሉ። «አውቀሽ? ከዚህ ቤት ተበላሽቶ የወጣ ሥራ አለ? እኔ ዓይኔ እስኪጠፋ የለፋሁት ለዚህ ነው?»

«አባዬ—»

«አባዬ አትበይኝ!»

«ሰሙ ስለቀረ ነው እኮ ወርቁ የወጣው» አለች አክስቷ ነገሩን ልታበርድ። ማንም አልሳቀላትም።

ጊታሪስቱ ከአባቷ ኋላ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያለውን ማንበብ አቃታት።

«ሰው ፊት ሊያፏጭብኝ ነበር?» አለ ቀስ ብሎ።

«አዎ።»

«መሳቂያ ልታደርጊኝ?»

«እንድትቀር ነበር።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ በየሆቴሉ ጥግ ቆሜ፣ ሰው እየበላ፣ ማንም ቀና ብሎ ሳያየኝ የተጫወትኩት ለዛሬ ነው። ለዛሬ ብቻ!»

ምክንያት አልደረደረችም። መሳቢያውን ከፈተች፣ ሰሙን አወጣች፣ ውሃ አፍልታ ትንሽ የብረት ድስት ውስጡ አስቀመጠችና ሰሙን ጨመረችበት።

«አንድ ሰዓት ይበቃኛል» አለች።

«ለምንድነው የማምንሽ?»

«አትመነኝ። አጠገቤ ቁምና እየው።»

ቆመ። የበየደችውን ፈታች፤ ፒክአፑን አውጥታ በክር አንጠልጥላ የቀለጠው ሰም ውስጥ አወረደችው። ወዲያው ትናንሽ አረፋዎች እየተከታተሉ ብቅ ብቅ አሉ፤ ከሽቦው መካከል የሚወጣ አየር ነው። አረፋው እስኪያቆም መጠበቅ ግድ ነው፤ ለማፍጠን ብለው እሳት ቢጨምሩበት ደግሞ ጥቅሉ ይጣመማል። ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ሆነው ድስቱን አፍጥጠው ያያሉ። አባቷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ተጠግተው ያያሉ። አክስቷ ውሃው ሲጎድል ትጨምራለች።

«ያ መሰኪያ…» አለ ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሳ።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«በራሱ የተበጠሰ ሽቦ ጫፉ ይንጨባረራል። ያንተ በምላጭ የተቆረጠ ነበር። የመጀመሪያው ብቻ ነው እውነተኛ፤ የቀሩት አምስቱ የእጅህ ሥራ ናቸው።»

አንገቱን ደፋ። ከጥግ አባቷ «እኔ ደግሞ ዕቃው ነው የማይረባው ብዬ የሸጠልንን ሰውዬ ስሰድብ ከረምኩ!» አሉ።

«እኔ ግን የቆረጥኩት የራሴን ዕቃ ነው» አለ ጊታሪስቱ።

«እሱንማ አላጣሁትም። አንተ ያበላሸኸው መሰኪያ ነው፤ እኔ ያበላሸሁት ዕድልህን። አንድ ነው ብዬ አልከራከርህም።»

ስምንት ሰዓት አለፈ። አረፋው ቀነሰ እንጂ አላቆመም።

«ይበቃል፣ አውጪው!»

«አላለቀም።»

«አዳራሹ ከዚህ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል! በስንት ሰዓት ልድረስ?»

«አየር ቀርቶበታል። ይዘኸው ብትሄድ ያፏጭብሃል።»

እጁን ወደ ክሩ ሰደደ። አንጓውን ያዘችው፤ እሱም የእሷን ያዘ። እንደዚያ ተያይዘው ቆሙ፤ ትንፋሹ ግንባሯ ላይ ይሰማታል። ትናንት እንዳይሄድ ብላ ሥራዋን ያበላሸችው እሷ ነች፤ አሁን ደህና ሆኖ እንዲሄድ ብላ እጁን አልለቅም ያለችውም እሷው ነች።

«ግዴለህም» አለች። «አንዴ ብቻ ታገሰኝ።»

ለቀቃት። አንድ አረፋ ወጣ። ከዚያ አንድ ሌላ። ከዚያ ምንም።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ በጥድፊያ ነው። ጠራረገችው፣ መልሳ ገጠመችው፤ እሱ ሽቦውን በወረንጦ ይዞላት በየደች፤ ሁለቱ ከሁለት ጎን ክሮቹን መልሰው አስረው ቃኙ። ሲጨርሱ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሦስት ሆኗል። ጊታሩን አንግቶ በፊት ለፊቱ ክፍል ቆመ። አባቷ አምፕሊፋየሩን እስከ መጨረሻው ለቀቁት።

«ክሮቹን ያዝና እሷ ትናገርበት» አሉ። «መስማት አለመስማቱ የሚታወቀው እንደዚያ ነው።»

እሱ ክሮቹን በመዳፉ አፍኖ ያዘ። እሷ ጠጋ ብላ ጎንበስ አለች። የምትናገረውን ቀድማ አላሰበችበትም።

«እወድሃለሁ» አለች ፒክአፑ ላይ። «ሂድ።»

ከአምፕሊፋየሩ ምንም አልወጣም።

«ደነቆረ!» አሉ አባቷ በደስታ። «ድብን አድርጎ ደነቆረ!»

ቃሉ የተሰማው ጊታሩን ላነገተው ሰው ብቻ ነበር። አያት። ጊታሩን ሻንጣው ውስጥ አስገባ፣ ዚፑን ዘጋ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ እየሮጠ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ጠላቴም አይየው ያሰኛል። ጠረጴዛውን አጸዳች፤ ንጹሑን ደግማ አጸዳች። ሳይመልስላት ስለሄደ ተቆጥቶ እንደሆነ፣ ንቋት እንደሆነ፣ ቸኩሎ እንደሆነ አታውቅም። የሠራችው ነገር አሳፈራት፤ ፍቅሯ ግን አላሳፈራትም። አባቷ አጠገቧ መጥተው ቆሙ።

«ዳግመኛ እንዳትሞክሪው።»

«አይለምደኝም አባዬ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሱቁ ስልክ ጮኸ። አባቷ ቀደሟት።

«አቤት… እህ… አላፏጨም?» አሉ። መልሱን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። «እሱን ነው የምልህ! የሷ እጅ ነው።» ከዚያ ስልኩን ለልጃቸው አቀበሉና ምንም ወደማይሠሩበት ጓዳ ገቡ።

«ወሰዱኝ» አላት።

ደስ አላት። እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ጉንጯ ላይ የወረደው እንባም እውነተኛ ነበር።

«እንኳን ደስ አለህ።»

«ተናድጄብሻለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ገና አልወጣልኝም።»

«ይገባሃል። እስኪወጣልህ ተናደድ።»

መኪና ሲያልፍ በስልኩ ይሰማል፤ መንገድ ላይ ነው።

«እዚያ ቆሜ ስጫወት ከጆሮዬ ያልጠፋው ያንቺ ቃል ነው» አለ። «እኔም እወድሻለሁ። ይኸው አልኩት። ሁለት ወር ሙሉ ይህቺን አንድ ነገር መናገር አቅቶኝ ነው ሽቦ ስቆርጥ የከረምኩት።»

ግድግዳውን ተደገፈች። ልትጠይቅ የምትፈራው ነገር ምላሷ ላይ ነበር፤ ጠየቀችው።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ።»

አሥራ አንድ ቀን፣ ከዚያ ሁለት ዓመት። ይመለስ አይመለስ ማንም ሊነግራት አይችልም፤ እሱን የምታሰናክልበት ሽቦም ከእንግዲህ በእጇ የለም፤ ቢኖርም አትነካውም።

«አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለን» አላት ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«ታዲያ ስልክ ላይ ምን ትሠራለህ?» አለችው።

የሩጫ ኮቴ ሰማች፤ ወዲያው ስልኩ ተዘጋ። እሷም ሽርጧን ሳትፈታ ግማሽ መንገድ ላይ ልትቀበለው ወጣች።