ቁራጭና ቀሚስ

«ልቀቅ! ልቀቅ አልኩህ እኮ!»

ቡችላው አልለቀቀም። የሰማያዊውን ቀሚስ እጅጌ ነክሶ፣ የኋላ እግሮቹን ምንጣፉ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ ይጎትታል። ጭራው ይወዛወዛል። ጨዋታ መስሎታል! ልጅቷ መንጋጋውን በሁለት እጇ ፈልቅቃ ስታስለቅቀው፣ እጅጌው ከትከሻው እስከ ክርኑ ተቀዶ ነበር።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«የፋርማሲስቷ ቀሚስ!» አለች እናቷ። «ነገ ጠዋት ልትወስደው እኮ ነው!»

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራ ቦታዋም የሳሎኑ ግማሽ ነው። ያለቀው ቀሚስ ከወንበሩ መደገፊያ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ቁልፌም ቀድሞ አገኘው። ቡችላውን ቁልፌ ያሉት አፍንጫው ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ስለሚመስል ነው።

«በቃኝ!» አለች እናቷ። «ነገ ያ ውሻ የሚፈልገው የመጋዘን ጥበቃ መጥቶ ይውሰደው። እዚያ ታስሮ ይደግ።»

«እማዬ፣ ገና ሕፃን ነው!»

«ሕፃን ነው፣ ሕፃን ነው! ሕፃኑ እኔን ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ ነው።»

ታላቅ ወንድሟ ከተጋደመበት ሶፋ ቀና አለ። «ጠበቃ፣ ደንበኛሽ እኮ ማስረጃውን በጥርሱ እንደያዘ ነው እጅ ከፍንጅ የተያዘው። ይግባኝም የለውም።»

ቤተሰቡ «ጠበቃ» የሚላት በሆነ ባልሆነው ስለምትከራከር ነው። አሁን ግን ቁልፌ ላይ አፈጠጠች። በየቀኑ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ኪሷን በደረቅ ዳቦ ሞልታ ግቢ ውስጥ ታሠለጥነዋለች። «ተቀመጥ» ስትለው ይቀመጣል። «ልቀቅ» ስትለው እንጨቱን ይጥላል። ታዲያ ግቢ ውስጥ እንደ ወታደር የሚታዘዝ ቡችላ፣ ደፉን አልፎ ሳሎን ሲገባ ማን ነው የሚያደነቁረው? ወይስ ሆን ብሎ ሊያዋርዳት ነው? ንዴቷ ፊቷን አጋለው።

እናቷ ከተረፈው ሰማያዊ ጨርቅ አዲስ እጅጌ መቁረጥ ጀመረች። አንድ ቁራጭ ከመቀሱ ሥር ወደ ወለሉ ወረደ። ቁልፌ ማልቀስ ሲጀምር፣ እናቷ ዓይኗን ከሥራዋ ሳታነሳ ቁራጩን በእግሯ ገፋ አደረገችለት። ቡችላው አፈፍ አድርጎ ጠረጴዛው ሥር ገባ። ዝም አለ።

ልጅቷ ባለችበት ደርቃ ቀረች።

«እማዬ! አሁን ምን አደረግሽ?»

«ምን አደረግሁ?»

«ጨርቅ ሰጠሽው!»

«ቁራጭ ነው። ዝም እንዲልልኝ ነዋ፤ ሁልጊዜ እኮ ነው የምሰጠው።»

«ሁልጊዜ!» ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። «እኔ ልቀቅ እለዋለሁ፣ አንቺ እንካ ትይዋለሽ! ቁራጩን ከቀሚሱ በምን ይለየው? ለምን ሜትርሽን አንገቱ ላይ አታንጠለጥይለትም፣ እየለካ እንዲቀድ!»

ወንድሟ ሳቀ። እናቷ አልሳቀችም። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«እንግዲያው ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ በይኝና እንገላገል!»

ነሽ! መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። እውነትም ነበር። ክርክሩን አሸንፋለች። ከዚያስ? ነገ የመጋዘኑ ጥበቃ ሰንሰለቱን ይዞ ሲመጣ፣ ክርክሩን ማን አሸነፈ ብሎ ይጠይቃል? እናቷ ዓይኖቿን በመዳፏ አሸች፤ ከዚያ ጨርሼ ተገላገልኩ ያለችውን ቀሚስ አንስታ የተቀደደውን እጅጌ ትፈታ ጀመር።

ልጅቷ መልሱን ዋጠችው። ከጓዳ ባዶ ጆንያ አምጥታ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከመኪናው ሥር፣ ከሶፋው ሥር፣ ከምንጣፉ ጠርዝ ቁራጭ ጨርቅ እየለቀመች ጆንያው ውስጥ ከተተች። በመጨረሻ ጠረጴዛው ሥር ገባች። ከኪሷ ዳቦ አውጥታ ለቁልፌ አሳየችው።

«ልቀቅ።»

ቁልፌ ዓይኑን ዳቦው ላይ ጥሎ፣ ጨርቁን ግን ጥርቅም አድርጎ እንደነከሰ ነው። ስግብግብ! ሁለቱንም ይፈልጋል።

«ልቀቅ።»

ወይ ፍንክች። ጆሮውን ልትቆነጥጠው እጇ ተነሳ፤ መለሰችው። በረጅሙ ተነፈሰች።

«ልቀቅ።»

በምራቅ የራሰው ጨርቅ ጉልበቷ ላይ ወደቀ። ዳቦውን ሰጠችው።

ከላይ የመቀሱ ድምፅ እንደገና ተሰማ። ሌላ ቁራጭ ወለሉ ላይ አረፈ። የእናቷ እግር እንደ ልማዱ ዘርጋ አለና አየር ላይ ቆመ። ከዚያ እናቷ ጎንበስ ብላ ቁራጩን በእጇ አነሳችው።

«ያ ጆንያ የት አለ?»

«የጥበቃውስ ነገር?» አለ ወንድሟ።

«አንተ ተነስና ወንበሩ ላይ ያሉትን ልብሶች ቁም ሣጥን ውስጥ ስቀል። ሁለተኛ ወንበር ላይ የተጣለ ልብስ እንዳላይ!»

ልጅቷ ከጠረጴዛው ሥር ወጥታ ጆንያውን እናቷ አጠገብ አደረሰችው። «አላልኩሽም?» የሚለው ቃል ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። አፏን ገጥማ፣ የጆንያውን አፍ ከፈት አድርጋ ያዘችላት።